ሳጥኑን የሠራው እንደራሴ

ሲላስ ፔትግሩ ወደ ፖለቲካ የገባው በጥድ ግንድ ላይ ተንሳፍፎ ነው ማለት ይቻላል። በኦንታሪዮ፣ በክሬን ወንዝ ዳር የእንጨት መሰንጠቂያ አቆመ፤ በዙሪያው ቤቶች፣ ቤተ ክርስቲያንና ሁለት መጠጥ ቤቶች በቀሉ። የሁሉም ባለቤት እሱ ነበር። ሰው ብዙ ሳንቃ ሲኖረው ቀስ በቀስ ስለ አገርም የሚያውቅ ይመስለዋል፤ በሽታው የዚያ አገር ብቻ አይደለም።

ሁለት ጊዜ ያለ ድካም ተመረጠ። በዚያ ዘመን መራጭ መድረክ ላይ ወጥቶ የሚመርጠውን ሰው ስም ጮክ ብሎ ይናገር ነበር። ፔትግሩ ከመድረኩ ሥር ወንበር አስቀምጦ ይቀመጣል። ሠራተኛው ቀና ሲል አሠሪውን ያያል፤ ትዝ የሚለውም ስም ያው አንድ ነው። ፔትግሩ ባርኔጣውን አንሥቶ ያመሰግነዋል፤ ሠራተኛውም ወደተዘጋጀለት የውስኪ በርሜል ያመራል። ፔትግሩ ሕዝብ እንደሚወደው ከልቡ ያምን ነበር።

በዋና ከተማው በኦታዋ፣ ምክር ቤት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ያንቀላፋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ «ሳጥን» የሚል ቃል ቀሰቀሰው።

«የምን ሳጥን ነው?» አለው አጠገቡ የተቀመጠውን እንደራሴ።

«የድምፅ መስጫ። በየምርጫ ጣቢያው ይቀመጣል።»

«ከጥድ ነው የሚሠራው?»

«ከፈለጉት ይሥሩት፤ ቁም ነገሩ እሱ አይደለም፣ ፔትግሩ።»

ለፔትግሩ ግን ቁም ነገሩ እሱው ነበር። ብድግ ብሎ ሳጥኑን የሚያመጣውን ሕግ ደገፈ። የአውራጃውን ሳጥኖች የሠራውም የእሱ መሰንጠቂያ ነው፤ ስንጥቅ እንኳ የማይታይባቸው፣ ጥሩ ሳጥኖች።

ለሦስተኛ ጊዜ ከተመረጠ ሚኒስትር እንደሚሆን ተነግሮት ነበር። ሚስቱ ኦገስታ ለኦታዋው ቤት መጋረጃ መርጣለች፤ ሆኖም ጋዜጣም ታነባለች።

«ሚስተር ፔትግሩ፣ ከእንግዲህ ማን ማንን እንደመረጠ አይታወቅም ይላል» አለችው ቁርስ ላይ።

«ምን ችግር አለው? እኔን እንደመረጡ እኔ አውቃለሁ።»

«እነሱስ ያውቃሉ?»

ፔትግሩ እንቁላሉ ላይ ጨው ነሰነሰ።

በምርጫው ቀን ወንበሩን ድምፅ በሚሰጥበት አዳራሽ በር ላይ አስቀመጠ። ተፎካካሪው፣ መድኃኒት ሻጩ ክሩክሻንክ፣ ጉንፋን ይዞት ቤቱ ተኝቷል። የመሰንጠቂያው መቶ አርባ ሠራተኞች በየተራ ገብተው ወጡ። እያንዳንዱ «እርስዎን ነው፣ ጌታዬ» አለ፤ ለእያንዳንዱም ባርኔጣ ተነሣ። ክንዱ እስኪዝል አመሰገነ።

ሳጥኑ ሲከፈት ከመንደሩ ያገኘው አርባ ሦስት ድምፅ ነበር። ምክር ቤት የሚገባው ያ በጉንፋን የተኛው ሰው ሆነ።

በማግስቱ ጠዋት ፔትግሩ የመሰንጠቂያውን በር አዘግቶ ከሠራተኞቹ አለቃ ከዱንካን ማክራ ጋር ቆመ።

«ከዳተኞቹን ዛሬውኑ አባርራቸዋለሁ። እነማን ናቸው?»

«አላውቅም፣ ጌታዬ።»

«አንተስ ማንን መረጥክ?»

«ምስጢር ነው፣ ጌታዬ። እርስዎ ያወጡት ሕግ ነው።»

ሰዎቹ ከበሩ ውጭ ሆነው «እንደምን አደሩ» አሉት፤ መቶ አርባውም በአንድ ዓይነት ትሕትና። ፔትግሩ ስንት ዓመት ሙሉ ያነበባቸው የመሰሉትን ፊቶች አንድ በአንድ ተመለከተ። ሁሉንም ቢያባርር መጋዙ ይቆማል። የከዱትን ብቻ ቢልም፣ የትኞቹን? ወንዙ መሰንጠቂያውን በሚጠብቅ ግንድ ተጨናንቋል።

«ክፈትላቸው» አለ።