ያልተጠየቀችው ይቅርታ

እህቴ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች። አብረዋት የሚሠሩት "ካውያ" ይሏታል። በሥራዋ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ የተጣመመ ነገር ስትሰማ ስለምትግል ጭምር ነው። ልጇ ከሞተች ወዲህ ግን ዝም ብላ ነው የምትሠራው። አንገትጌ፣ እጅጌ፣ ደረት፤ አንዱን ሸሚዝ ሰቅላ ሌላውን ታነሳለች።

ልጇ የእኔም ልጅ ነበረች። አባቷ ቀድሞ ስለሞተ፣ እጇን ይዤ ትምህርት ቤት ያመላለስኳት እኔ ነኝ። ከፋርማሲ ሥራዋ ስትመለስ በመሠራት ላይ ያለ ሕንፃ ግንብ ተደረመሰባት። ግንበኞቹ ግንቡ መሰንጠቁን ለተቋራጩ ነግረውት ነበር። "ለስኑትና እለፉ" እንዳላቸው ፍርድ ቤት ቀርበው መሰከሩ። ስምንት ዓመት ተፈረደበት። እህቴ ፍርዱን ሰምታ "ይሁን" አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ሁለተኛ ዓመቱን ሳይጨርስ፣ አንድ ማለዳ ጎረቤታችን ጡረተኛዋ አስተማሪ እህቴን መንገድ ላይ አቅፋ ሳመቻት። ትልቅ ሰው ነሽ፤ እኔ ብሆን አልችለውም ነበር አለቻት። እህቴ ነገሩ አልገባትም። ሥራ ቦታዋ ስትደርስ ደግሞ ገንዘብ ተቀባዩ "ካውያ፣ በረድሽ አሉ" ብሎ ቀለደባት። ለካ ሬዲዮው "ለተቋራጩ ይቅርታ ተደረገለት" ብሎ ኖሯል። ማን እንዳደረገለት ልብ ብሎ የሰማ የለም። ይቅርታ ከተባለ መቼም የተበደለው ሳይጠየቅ አይሆንም ብሎ፣ ሰው ሁሉ ይቅር ያለችው እሷ መስላው ነበር። ባላደረገችው በየደጁ ተመሰገነች።

"ወንድምዓለም፣ እኔ መቼ ተጠየቅሁ?" አለችኝ።

"እታለም፣ ከሥራ አስፈቅጂና ሄደን እንጠይቅ" አልኳት።

ፍትሕ ቢሮ የተቀበለን ወጣት ትሑት ነበር፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠን። ይቅርታው የፕሬዚዳንቱ ሥልጣን እንደሆነ፣ የሟች ቤተሰብ መጠየቅ እንደማያስፈልገው፣ ምክንያቱም እንደማይገለጽ አስረዳን። ውሳኔውን የሚመረምር አካል አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። የለም አለኝ። የተቋራጩ አማት ቤተ መንግሥት ውስጥ ሹም ናቸው የሚባለውን ሳነሳበት ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተከለ። ልንወጣ ስንነሳ እህቴን "ይቅርታ፣ እናቴ" አላት።

"ይሄኛውንስ ማን ፈረመልህ?" አለችው።

እኔ ይቅርታ አይኑር አልልም። እስር ቤት ውስጥ ያለ ጥፋቱ የተፈረደበት አለ፤ ታሞ ሊሞት የተቃረበ አለ፤ ከልቡ የተጸጸተም አለ። ለእነሱ በር ያስፈልጋቸዋል። ነገር ግን ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ከሆነ፣ ማን ወጣ፣ ለምን ወጣ ብሎ የሚጠይቅም ከሌለ፣ በሩ የዘመድ በር ይሆናል። ዳኛ ምስክር ሰምቶ፣ አመዛዝኖ የፈረደውን አንድ ፊርማ ሲያፈርሰው፣ ቢያንስ ለምን እንደሆነ ይነገረን። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። የእኛን ነቅለው ነው የሄዱት።

በሳምንቱ የተቋራጩ ታላቅ ወንድም እህቴን ሊያመሰግናት ቤቷ መጣ። ተቃውሞ ስላልሰማ እንደተስማማች ቆጥሮታል። ወንበር ሰጠችው፤ ረጅም ምስጋናውን እስኪጨርስም አላቋረጠችውም።

"ጋሼ፣" አለችው፣ "ልጄን ወንድምዎ ወሰደብኝ። የቀረኝ ይቅርታዬ ነበር። አንድ ቀን መጥቶ ደጄ ላይ ቢቆም እሰጠው ይሆናል እል ነበር። እሱንም ሌላ ሰው አንስቶ ሰጠብኝ።"

ሰውየው አንገቱን ደፋ። ምን ላድርግ ታዲያ አላት።

ሲገባ ያዩት ጎረቤቶች አስተማሪዋን ጨምሮ ውጭ ቆመው ነበር። እርቅ መስሏቸው ፊታቸው በርቷል። እህቴ ተነስታ በሩን ከፈተችው። አልተጠየቀችም ብለው ይንገሩልኝ አለችው።

ወጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። "አልጠየቅናትም" አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው።

"አልተሰማም፣ ጋሼ" አለችው እህቴ።