የማይፈረምበት ግድግዳ

ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ የሱቅና የጋራዥ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሲጽፍ ኖሮ የሞተ ሰው ነው። ፊደሉን እሱ ይነድፋል፤ ሚስቱ ውስጡን ቀለም ትሞላለች። በተኳረፉበት ቀን እንኳ ሰሌዳው በሰዓቱ ይደርስ ነበር።

ከሥራው ሁሉ የሚወደው ግን የአውቶቡስ ጣቢያውን መጠበቂያ አዳራሽ ግድግዳ ነበር። ሥዕሉ ላይ ተሳፋሪዎች ተቀምጠው አውቶቡስ ይጠብቃሉ፤ ከሥዕሉ ሥር እውነተኞቹ ተሳፋሪዎች ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሰው ራሱንና ትከሻውን እያስደገፈበት የታችኛው ቀለም ስለሚለቅ፣ ወንድሜ በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ ባልዲውን አንጠልጥሎ ይሄድና በዕለቱ አግዳሚው ላይ ያገኘውን ሰው በለቀቀው ቦታ ይስላል። «ዘንድሮ ማን ይግባ?» ሲል ተሳፋሪዎቹ ይጋፉ ነበር። አንዲት ደንዳና ሴትዮ «ቀጠን አድርገህ ሣለኝ» ብትለው፣ «እትዬ፣ ግድግዳው የሕዝብ ነው፤ በሕዝብ ፊት አልዋሽም» አላት።

ስሙን አልጻፈበትም። እኔ የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ሠሪው ያልተገለጸ ነገር እረፍት ይነሳኛል። «ፈርምበት እንጂ» ስለው፣ «አንቺ ዶሴ! ከፈረምኩበት እኮ ሰው ይጠነቀቅልኛል፤ ጭንቅላቱን አያስደግፍበትም» አለኝ።

በሞተ ሰሞን፣ ገና ጥቁራችንን ሳናወልቅ፣ አንድ የሥዕል ነጋዴ መጣ። ነጭ ጓንት አጥልቆ ግድግዳውን ሲዳብስ ስላየነው ባለጓንቱ አልነው። ለጣቢያው ኃላፊ «ከጉዳት ልጠብቀው» አለ። አግዳሚዎቹ ተነሡ፤ ገመድ ተወጠረ። አንድ ቀን ሜትር ይዞ የግድግዳውን ውፍረት ሲለካ አገኘሁት። ለሚጠበቅ ግድግዳ ውፍረቱ ምን ያደርጋል? ኃላፊውን ብጠይቀው ዓይኔን ሳያይ «ፊርማ የሌለውን ማን ይገዛዋል ብለሽ ነው?» አለ። መግዛት የሚለውን ቃል እኔ አላነሣሁም ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ፊርማ ተገኘ። ከታች በስተቀኝ፣ የወንድሜ ስም በወንድሜ ፊደል። ባለጓንቱ ግድግዳውን ቆርጦ የሚወስድበትን ቀን ወዲያው ወሰነ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሱን ነው። ፊደሉን ደጋግሜ ሳየው ግን ልቤ ወደ ሌላ ሄደ። ያንን አጣጣል የሚያውቅ እጅ አንድ ብቻ ቀርቷል።

የወንድሜ ሚስት በረንዳ ላይ ያላለቀ የዳቦ ቤት ሰሌዳ ቆሟል፤ የመጨረሻዎቹ ፊደሎች ውስጣቸው ባዶ ነው።

«እታለም፣ ከባለጓንቱ ጋር ተነጋግረሻል?»

«እኔ? በመዝገብሽ አስገብተሽ ልትሸጪው ነው ብዬ እንቅልፍ ያጣሁትስ በአንቺ አይደል!»

«ስሙን የጻፍሽው ግን አንቺ ነሽ» አልኳት። ዓይኗ ሞላ። «ስሙ ሜዳ ላይ ቀረ ብዬ ነው። የሰው ስም ሲጽፍ ኖሮ የራሱ ስም የትም የለም። ማንን ገደልኩ?»

«ግድግዳውን» አልኳት፤ ነጋዴው ሲጠብቅ የነበረው ያንኑ ስም መሆኑን ነገርኳት።

ፊርማው የእሱ አይደለም ብዬ መጻፍ እችላለሁ። ታዲያ የማን ነው ሲሉኝ እሷን አሳልፌ መስጠት ሆነ። «ጻፊ» አለችኝ። አልጻፍኩም። «እንግዲያው ተነሺ» ብላ ብሩሹን ከጣሳው መዘዘች።

ስንደርስ ባለጓንቱ ግንበኞች አሰልፎ በኖራ ያስምራል።

«ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለችው።

ፈገግ አለ። «እትዬ፣ ሐዘን ያናግራል።»

«ሐዘን ያናግራል፤ ፊርማ ግን አይጽፍም» አለችና ገመዱን ተሻግራ ከመጀመሪያው ስም አጠገብ ያንኑ ስም ደገመችው። ተሳፋሪው ሁሉ ቆሞ አየ። አንድ ሽማግሌ «ምነው፣ ሟች መንታ ነበሩ እንዴ?» አሉ።

ባለጓንቱ ሁለቱን ሲያስተያይ ቆየ። የትኛው የማን ነው ብሎ ለገዢው ይማል? ጓንቱን አወለቀ።

አግዳሚዎቹ ተመልሰዋል። የመጀመሪያውን ስም የሰው ትከሻ እያደበዘዘው ነው፤ ሁለተኛው ገና አለ። እኔ ግን ዛሬም አላምንም። ሜትር የያዘ ሰው አዳራሹ ውስጥ ባየሁ ቁጥር ምን እንደሚለካ እጠይቃለሁ። ባለፈው ያገኘሁት ሰው መጋረጃ የሚሰፋ ሆኖ ተገኘ። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ መስኮቱን ለክቶ እስኪወጣ ግን ከበሩ ንቅንቅ አላልኩም።