የአባቴ ፒካፕና የደጋው ዳገት

አባቴ ፒካፗን የሚቆጥራት ከሰው ነበር። ሌላው ሹፌር «መኪናዬ ተበላሸች» ሲል እሱ «አመማት» ነው የሚለው። እናቴ ሲያማት «ትንሽ ጋደም በይ» ብሎ የሚወጣ ሰው፣ መኪናዋ ሳል ቢጤ ካሰማች ምሳውን ትቶ ኮፈኗን ይከፍታል። ፊት ለፊት አንቱ የምለውን ሰው እዚህ እሱ እያልኩ መጻፌ ንቄው አይደለም፤ በልቤ ስከራከረው የኖርኩት እሱ እያልኩ ስለሆነ ነው። በዚያ ዓመት ደግሞ ከእሱም ከመኪናዋም ጋር ጠብ ላይ ስለነበርኩ፣ ከእኔ የሚዛናዊ ሰው ወሬ አትጠብቁ።

ቤታችን ከሚሴ አስፋልቱ ዳር ነው። ፒካፗ በቤንዚን የምትሠራ አሮጌ መኪና ነበረች። ከጨፋ ሜዳ ማሽላ ጭና ከከተማው በላይ ያለውን ዳገት ትወጣለች፤ ከደጋው ደግሞ ድንችና ሰው ይዛ ትወርዳለች። የሰንበቴ ገበያ ሲደርስ ፍየል ታመላልሳለች። ያንን የድንጋይ መንገድ ደፍሮ የሚወጣ ሌላ መኪና ስላልነበረ ምጥ የጠናባት ሴትም የምትወርደው በእሷ ነው። የደጋ ሰዎች «መኪናችን» ይሏታል። አባቴ ይህን ሲሰማ ደረቱ ይነፋል፤ እኔ እናደዳለሁ። የሰው ሁሉ መኪና ስትሆን ሹፌሩም የሰው ሁሉ ይሆናል።

አባቴን ሕመም ግማሽ አካሉን ይዞ አልጋ ላይ ሲያውለው መሪው ለእኔ ደረሰኝ። ከእኔ በታች ያሉት ትንንሽ እህቶቼ ናቸው። «ሹፌር ይቀጠር» ስል አባቴ በተያዘ አንደበቱ ሳይቀር ይጮሃል፤ ባዳ እጁን አያሳርፍባትም። እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ደሴ ለመምህርነት ሥልጠና ተመድቤያለሁ፤ ምዝገባው ሊዘጋ ቀናት ቀርተውታል። ጠዋት በራችን ላይ ቆሜ ወደ ደሴ የሚያልፉትን አውቶብሶች እቆጥራለሁ። ከተማችን ሰው ሁሉ የሚያልፍባት ናት። የሚመጣው ይመጣል፣ የሚሄደው ይሄዳል፤ እኔ ብቻ ያችኑ ዳገት እወጣለሁ፣ ያችኑ ዳገት እወርዳለሁ።

መኪናዋ የደከመችው ይሄኔ ነው። በሦስተኛ ማርሽ ትወጣው የነበረውን በአንደኛ እያቃሰተች አትጨርሰውም። ውኃዋ ይፈላል፤ ተሳፋሪ ወርዶ ይገፋታል፤ እየገፋም እኔን ይረግማል። እኔ ደስ ብሎኛል። ፊቴን አጨፍግጌ ወደ ቤት እገባለሁ እንጂ፣ ውስጤ ሠርግ ነው።

አባቴ አንድ ቀን ጠራኝና ቁርጡን ነገረኝ። ቃላቱ እየተንጠባጠቡ ነበር የሚወጡት።

«ዳገቱን ካልወጣች ለማን ብዬ አስቀምጣታለሁ? ትሸጣለች። አንተም ደሴህን ትሄዳለህ። ከወጣች ግን ጥለሃት አትሄድም፤ ወላሂ አልለቅህም።»

«እሺ አባ» አልኩ። እንዳለችበት ከሆነ አንዲት አህያ እንኳ የምትቀድማት መኪና ናት፤ ሻንጣዬን ከማዘጋጀት ሌላ ምንም አልቀረኝም ብዬ ነበር።

ሌላ አገር ቢሆን ቀጥሎ መካኒክ ይጠራል። እኛ ሰፈር ግን መጀመሪያ ወዳጃ፣ ጫት እየተቃመ ዱዓ የሚደረግበት ጉባኤ፣ ተጠራ። ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ውስጥ፣ መኪናዋ አጠገብ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ጫት መጣ፤ ሽማግሌዎቹ ዙሪያውን ተቀመጡ። አንደኛው «ዓይን ነው፤ ደጋዎቹ አብዝተው አሞገሷት» አሉ። ሌላው ሙሾ ሊያወጡላት እስኪመስል ድረስ ደግነቷን ዘረዘሩ። ኮፈኗን ከፍቶ ያየ አንድ ሰው የለም። የሰፈራችን ሸህ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳርፈው ዱዓ ጀመሩ።

«ያ ረቢ፣ ጉልበቷን መልስላት!»

«አሚን!» አለ ግቢው።

«ልጁንም ከመሪዋ አትለየው! ከአባቱ ደጅ አታርቀው!»

«አሚን!»

ወዳጃ ላይ ተቀምጦ ለዱዓ ዝም ማለት ሽማግሌ ፊት ላይ እንደ መትፋት ነው። እኔም መዳፌን ዘርግቼ በገዛ አፌ አሚን አልኩ። የራሱን እስር አሚን ብሎ የሚቀበል ሰው ከእኔ በቀር አላየሁም። አጠገቤ የነበሩት አዛውንት ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ «አብሽር የኔ ልጅ» አሉኝ። ማሰሪያውን ያጠበቁት እሳቸው፣ የሚያጽናኑኝም እሳቸው።

በማግሥቱ አስነሣኋት፤ ያው ናት። ሳቄን ዋጥኩት። አባቴ ግን «ዱዓው ደርሷል፤ አሁን ቁልፍ አምጣ» አለ። ከነወንበሩ ተሸክመን መኪናዋ ፊት አስቀመጥነው።

ነገሩ ታይሚንግ ነው አለኝ። እሳቱን የሚያቆራርጠው ፑንቲና ስለተበላ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ ዘግይቷል፤ ፒስተኑ መውረድ ከጀመረ በኋላ የሚመጣ እሳት ጉልበት የለውም። ማስቀደም ያስፈልጋል። በጣም ከቀደመ ደግሞ ፒስተኑ ገና እየወጣ ሳለ ይመታዋል፤ ያኔ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደሚናጥ ያለ ድምፅ ያወጣል። የሚያንኳኳው ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ነው፤ ቆሞ አይታወቅም።

«እያንኳኳች ብትወጣ እንዳትደሰት» አለኝ። «የሌባ ጉልበት ነው። ዛሬ ትወጣለች፣ ነገ ፒስተኗን ትበላለች። ካንኳኳች እሸጣታለሁ፤ የሞተች ሞተር አላስታምምም።»

ፑንቲናውን በሸካራ ወረቀት ጠርጌ ክፍተቱን አስተካከልኩ። ከዚያ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተሩን ብሎን አላላሁና ሞተሩ እየሠራ በእጄ ማዞር ጀመርኩ። አባቴ ደህናውን መዳፉን የመኪናዋ ጎን ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሱታ» አለ በኦሮምኛ፤ ቀስ ለማለት ነው። «ሱታ፣ ሱታ። አለፍክ። መልሳት። ጥቂት ብቻ።»

የፀጉር ያህል ሳዞራት ድምጿ ከፍ ይላል፤ ስመልሳት ይሰንፋል። መዳፌ ውስጥ ስትታዘዝ ይታወቀኛል። ማመን አልፈልግም እንጂ ደስ የሚል ነገር ነበር። «እሰራት» ሲለኝ ብሎኑን ሳጠብቅ፣ ሰውነቴ ሁሉ የጠበቀ መሰለኝ። መኪናዋ የምትተነፍሰው እንደ ድሮዋ ነው።

የዚያኑ ቀን ማሽላ ተጫነ። ከኋላ የደጋ ተመላሾች ተሳፈሩ። አባቴን ጋቢና አስገብተን፣ እንዳይወድቅ በእናቴ ነጠላ ከወንበሩ ጋር አሰርነው። ከተማውን ለቀን ዳገቱን ስንያያዝ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፤ ሳበች። ሦስተኛ አስገባሁ፤ አሁንም ሳበች። ከኋላ ሰዎቹ ሶለዋት እያወረዱ ያጨበጭባሉ። እኔ ሌላ ነገር ነው የምሰማው። የጣሳውን ጠጠር ነው የምፈልገው። አምላኬ፣ አንዲት ጠጠር።

ጠመዝማዛው ላይ ስንደርስ ክርክር የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ልቤ ዘለለ። ጆሮዬን ወደ ወለሉ አስጠጋሁ። ከኋላ የተጫነ ባልዲ እጀታ ኖሯል፤ የአንዲት ሴትዮ ባልዲ። እጄ ቢደርስ ወደ ገደሉ እወረውረው ነበር።

ጫፉ ላይ ወጣን። ሰዎቹ እግራቸውን ሊያፍታቱ እየተሳሳቁ ወረዱ። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ ዓይኑን አፌ ላይ ተከለ።

«አንኳኳች?»

እየፈተነኝ መሰለኝ። «አልሰሙም እንዴ አባ?»

አሁንም አፌን ነው የሚያየው። ደግሜ፣ ጮክ ብዬ ጠየቅሁት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ካመመኝ ወዲህ ጆሮዬም ሄዷል» አለ። «ቅርብ ሆኖ ለሚጮህ ሰው እሰማለሁ። የሞተር ነገር ግን ቀረብኝ። ታች ሳለን መዳፌ ነው የነገረኝ። እዚህ ሁሉም ነገር ይንቀጠቀጣል፣ መለየት አልቻልኩም። ለእናትህ እንዳትነግራት።»

ስናናግረው መልስ የማይሰጠን እየተቆጣ ነው ብለን ነበር። እናቴ እንዲያውም «ሕመሙ ኩራት ጨመረለት» ትላለች። ለካ አይሰማም። የጎረቤቱን ሁሉ መኪና በድምፁ ለይቶ የሚያውቅ ሰው የሞተሯ ድምፅ ከጠፋበት ወራት አልፈዋል፤ አንድም ቀን አላለቀሰም፤ አሁንም አላለቀሰም፤ ዓይኑን መልሶ አፌ ላይ አደረገ።

«አንኳኳች ወይ?»

ከዚያ ከፍታ ጨፋ በሙሉ ይታያል፤ የቦርከና ወንዝ፣ ማሽላው፣ በመሃል አስፋልቱ። አንድ አውቶብስ ወደ ደሴ ይሄዳል። አዎ ብል በቃ። ከኋላ ያሉት ስለ ሞተር አያውቁም፣ አባቴ አይሰማም፣ ያለው ጆሮ የእኔ ብቻ ነው። ያምነኛል። እየከፋው ይሸጣታል፤ እኔም ሻንጣዬን ይዤ በራችን ላይ አውቶብስ አስቆማለሁ። ቃሉ ጥርሴ ሥር ደርሶ ነበር።

ያልተናገርኩት ደግ ልጅ ስለሆንኩ ነው ብል ውሸት ይሆናል። በዚያች ሰዓት አባቴን ጠልቼው ነበር፤ አይሰማም ብሎ መንገሩንም ጠላሁት። ምነው ዝም ባለ። ግን ደግሞ በገዛ እጄ ያስተካከልኳት መኪና ናት፤ ያንን ሁሉ ዳገት እንደዚያ አምራ ወጥታ አሟታል ማለት አቃተኝ። አፉን ከፍቶ የሚጠብቀኝን ሰው አየሁት።

«አላንኳኳችም» አልኩት። እንዲሰማ ነው የጮህኩት።

«አላንኳኳችም?»

«አላንኳኳችም አባ። ደህና ናት።»

ሕመም ባልያዘው በግማሽ ፊቱ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። «አልሀምዱሊላህ» አለና ራሱን ወንበሩ ላይ አሳርፎ «እንግዲያው ንዳ» አለኝ።

ነዳሁ። ምዝገባው ተዘጋ። ደሴ የሄድኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ፑንቲና ልገዛላት።