ሐሙሲትን ያቀረቡ አራት ጎማዎች

ነገሩ በጠቅላላ የፈጀብኝ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አርባ ብር ነው። አራቱ ጎማ ሺህ ዘጠኝ መቶ፤ መካኒኩ ከነብረቱና ከነብየዳው አራት መቶ ሃያ፤ አንድ የሳይክል መንፊያ ሃያ ብር። ሚስቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያኮረፈችኝን እዚህ ላይ አልደመርሁም። ዝምታ በገበያ ዋጋ አይወጣለትም፤ ከፍሎ ወደ ቤቱ የሚያስገባው ባል ግን አይጠፋም።

ዘመኑ የደርግ ነው። ባሕር ዳር ላይ ስኳሩም ቤንዚኑም በኩፖን ነበር። ነጋዴ መሆን ራሱ ግማሽ ጥፋት ነበር፤ ቀሪውን ግማሽ ከስብሰባ በመቅረት እናሟላው ነበር። እኔ አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ነበረችኝ፤ ኋላዋ ክፍት፣ ቀለሟ ከመደራረቡ የተነሳ የመጀመሪያውን እሷም የረሳችው። ጨውና በርበሬ፣ አንዳንዴም ቆርቆሮ እየጫንሁ የሐይቁን ዳርቻ እዞር ነበር።

አንድ ነሐሴ ላይ ከሐሙሲት ወደ ሐይቁ ገባ ብሎ ያለ የአንድ ገበሬ ማህበር ሊቀመንበር ሱቄ ድረስ መጣ። ማህበሩ የእህል ወፍጮ ተፈቅዶለታል። ሞተሩ ባሕር ዳር መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል። ችግሩ መንገዱ ነው፤ ከሐሙሲት ወዲያ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር አለ፤ የመጨረሻው ሁለት ኪሎ ሜትር ደግሞ በክረምት መሬት ይሁን ሐይቅ ያልለየለት ረግረግ ነው።

«ጓድ ነጋዴ» አለኝ፤ «ሞተሩ ከመስቀል በፊት ካልገባልን መንገድ ላለው ለሌላ ማህበር ይሰጣል ተብለናል። ሴቶቻችን ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቁት ነው የከረሙ።»

«ነጋዴ ጓድ ይሆናል እንዴ?»

«እስከ መስቀል ይሆናል።»

ተዋዋልን። አሥር ደርሶ መልስ ጉዞ ነው፤ መጀመሪያ ሞተሩ፣ ከዚያ የወፍጮው ድንጋይና የቤቱ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶውና ናፍጣው። ለመኪናዋ የሚሆነውን ቤንዚን ማህበሩ በኩፖኑ ይችላል። ሞተሩ በቀኑ ካልገባ ግን ውሉ ይፈርሳል። ዋጋው በኪሎ ሜትር ሁለት ብር ከሃምሳ። በርቀቱ እንዳንጨቃጨቅ ብዬ «የመኪናዋ ቆጣሪ ይቁጠርልን፤ ቆጣሪ አይዋሽም» ያልሁት እኔው ነኝ። ሊቀመንበሩ በደብተሩ ላይ ጻፈው። አስፈረመኝም።

የላንድሮቨሯ ጎማ እኛ «ሰባት ሃምሳ አሥራ ስድስት» የምንለው ጠባቡ ነበር። በደረቅ መሬት ደህና ነው፤ እዚያ ረግረግ ውስጥ ግን እንደ ቢላዋ ይገባል። በዚያው ሳምንት አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃ ለጨረታ ሲያወጣ «ዘጠኝ መቶ አሥራ ስድስት» የሚባለውን ትልቁን ጎማ አራት አየሁ። ከግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ጥርሳቸው በጣቴ ልክ ይወፍራል፤ ስፋታቸው ለሰው ጀርባ ይበቃል። ጎማ ሰው ያስደነግጣል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ እኔ ግን እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ባርኔጣዬን አውልቄ መቆሜን ያወቅሁት የጨረታው ጸሐፊ ሲስቅብኝ ነው።

ብሩ አልሞላልኝም። የሚስቴን የአንገት ሐብል ወርቅ ሠሪው ዘንድ አስይዤ ሞላሁት። ሐብሉ የእናቷ ነበር።

«ለጥምቀት ምን አስሬ ልወጣ ነው?» አለችኝ።

«ከጥምቀት በፊት እመልሰዋለሁ።»

«ካልመለስህ አንዱን ጎማ በአንገቴ አጠልቄ እወጣለሁ። አገር ይየው!»

ኩርፊያው ከዚያ ቀን ጀመረ። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነበር፤ ሞተሩ ከመስቀል በፊት ካልገባ ውሉ ይፈርሳል፤ ውሉ ከፈረሰ ሐብሉ ወርቅ ሠሪው ዘንድ ይቀራል።

ጎማዎቹን ገበያው አጠገብ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰድሁ። በልጅነታቸው ከአንድ ጣሊያን ሥር የተማሩ ናቸው። ጎማውን አንድ ጊዜ ዞሩት፤ በእግራቸው ነካ አደረጉት።

«ለማን ነው ያመጣኸው?»

«ለመኪናዬ፣ ጋሼ።»

«መኪናህ ታውቃለች?»

አላወቀችም። በክሪክ አንስተን አንዱን ብንገጥመው መሪው ሲዞር ከውስጥ ባሌስትራውን፣ ያን የተደራረበ የብረት ቅጠል፣ ከውጭ የጭቃ መከላከያውን ይልሳል። እኔ ሺህ ዘጠኝ መቶ ብሬ ሲቃጠል አየሁ። እሳቸው ሲባጎ አወጡ። ሜትር የላቸውም። በሲባጎው ከመሬት የመኪናዋ አጥንት እስከሆነው ሻንሲ ለኩ፣ ቋጠሩ፤ ከቋጠሮው ጎን ሌላ ቋጠሮ ጨመሩ። ከአንድ ከሞተ የጭነት መኪና ባሌስትራ ለእያንዳንዱ እግር አንዳንድ ቅጠል ቆርጠው ከሥር ደረቡና ሰውነቷን ከፍ አደረጉት። የጭቃ መከላከያዋን በሰጌቶ መጋዝ እንደ ልብስ ጠርዝ ቀደዱት፤ ጠርዙን መልሰው አጠፉት። መሪው ከመጠን በላይ እንዳይዞር መቆሚያው ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ብየዳ አኖሩ። በመጨረሻ መሪውን ጥግ ድረስ አዙረው በጎማውና በባሌስትራው መካከል አንዲት ባለ አሥር ሳንቲም አሳለፉ። አለፈች፤ ግን እየታከከች ነው።

«ሳንቲም ካለፈ ዕድሜ ያልፋል» አሉ። «ከእንግዲህ መኪናህ እንደ ሹም ናት። ለመዞር ሰፊ ቦታ ትፈልጋለች፤ ዳገት ላይም ቶሎ አትነሳልህም።»

ያን ሁሉ ሥራ ያለ አንዲት ቁጥር ሠሩት። እኔ ዕድሜዬን በቁጥር የኖርሁ ሰው ነኝ፤ የዚያን ቀን ግን በሁለት ቋጠሮ ፊት አፌን ከፍቼ ቆምሁ። ክሪኩ ወርዶ በአራት እግሯ ስትቆም የመኪናዋ በር ደረቴ ጋ ደረሰ። መንገደኛው ቆሞ ያያል። ሳይክል ነጂዎች እንኳ እየወረዱ ያዩ ነበር፤ በባሕር ዳር ሳይክለኛን ከሳይክሉ ማውረድ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ ወደ ጎሚስታው ነድቼ ጎማዎቹን አጥብቄ አስነፋሁ። የኛ ሾፌር ሁሉ ሃይማኖቱ አንድ ነው፤ ጎማ በእግር ሲመታ እንደ ከበሮ መጮህ አለበት። ጭነት ከበዛ ደግሞ የበለጠ ይነፋል። አየር ደግሞ በዚያ ዘመን ያለ ኩፖን የሚገኝ ብቸኛ ነገር ነበርና አልሰሰትሁም።

መስቀል ሁለት ቀን ሲቀረው ሞተሩን ስምንት ሰው ጫነልኝ። ሊቀመንበሩ ደብተሩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ፤ የቆጣሪውን ቁጥር ጻፈ፤ ወጣን። ሐሙሲት ስንደርስ ቆጣሪውን አየሁት። ዕድሜ ልኬን ሠላሳ ሁለት ኪሎ ሜትር የነበረችው ሐሙሲት ሃያ ስምንት ተኩል ሆናለች! ቆጣሪው ተበላሸ ብዬ በጣቴ መታሁት። ኋላ ገባኝ። ቆጣሪው የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው፤ ትልቅ ጎማ ለዚያው መንገድ ጥቂት ይዞራል። በገዛ ብሬ መንገዴን አሳጥሬዋለሁ፤ የምከፈለው ደግሞ በመንገዱ ርዝመት ነው።

«ምነው ዝም አልህ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ሐሙሲት ቀረበችብኝ።»

«ይቅረባ! ምን ከፋህ?»

ረግረጉ የተገለጠልን ከእኩለ ቀን በኋላ ነው። ፊት ለፊት ሐይቁ፣ ከሐይቁ ወዲህ አረንጓዴ ሳር፣ ከሳሩ ሥር ደግሞ ጥቁር ውሃ። መንደሩ ማዶ ከፍ ባለች መሬት ላይ ይታያል፤ ሰዎች ወጥተው ቆመው ይጠብቁናል። በሙሉ ልቤ ገባሁ። ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄድን። ከዚያ ያ ሁሉ ጥርስ መሬቱን እንደ ማረሻ አረሰውና ሰመጥን። ነዳጅ በሰጠሁ ቁጥር ወደ ታች ብቻ ሆነ ጉዞዬ። የመንደሩ ሰዎች በውሃ ውስጥ እየተራመዱ መጥተው ገፉ፤ እንጨት አነጠፉ፤ ሁለት በሬ አምጥተው ቢያስሩ በሬዎቹም እስከ ጉልበታቸው ገቡ።

«በቃ» አለ ሊቀመንበሩ ጭቃ በጭቃ ሆኖ። «ሞተሩን ለሌላው ማህበር ሰጠህብን።»

ያ የሚስቴ የእናቷ ሐብል ነበር በዓይኔ ላይ።

በዚህ ጊዜ ከዳር ሆነው ሲያዩን የቆዩ አንድ ሙስሊም አዛውንት መጡ። ከደንገል ታንኳ እየሠሩ የሚኖሩ ሰው ናቸው፤ እጃቸው ላይ የደንገሉ ልጣጭ እንደ ተጣበቀ ነው። ጎማውን በጡጫቸው መቱት። እንደ ከበሮ ጮኸ። እኔ በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳ ደስ አለኝ።

«ይኸ ምን በልቶ ነው እንዲህ የተነፋ?»

«አየር ነው፣ አባቴ።»

«ለመሬቱ ምን ተረፈው ታዲያ?»

«አልገባኝም።»

«ልጄ፣ እኔ ደንገሉን አጥብቄ ብጠቀጥቀው ታንኳዬ ትሰምጣለች። ላላ አድርጌ፣ ሰፋ አድርጌ ነው የማስራት። ታንኳ ውሃውን አትወጋውም፤ ትተኛበታለች። አንተ ግን ውሃውን በቡጢ ትመታዋለህ። ንፋሱን አውጣለት።»

«ጭነት ላይ ጎማ አይተነፍስም፤ ደንቡ አይደለም።»

«የደንቡስ ነገር» አሉ ወደ ሰመጠው መኪና እያዩ፤ «እስካሁን እዚህ አድርሶሃል።»

ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ሚስማር አወጣሁና ያን ያልሰሰትሁበትን አየር እየተናደድሁ አስተነፈስሁ። ፊሽ እያለ ብዙ ቆየ። ጎማው ቀስ እያለ ሆዱን ጣለ፤ ተዘረጋ፤ የጉማሬ እግር መሰለ። ወንዶቹ ከፊቱ ያለውን ጭቃ ጠርገው ሳር አነጠፉለት። አዛውንቱ መቅዘፊያቸውን ይዘው ቀደሙ፤ መሬቱን እየወጉ ሥሩ የያዘበትን እየመረጡ «በዚህ ና» ይሉኛል።

ከባዱን ማርሽ አስገብቼ ነዳጁን እንደ መድኃኒት ጠብ አደረግሁ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ላንድሮቨሯ ልክ በሬ ከመኝታው እንደሚነሳ ተነሳች። ሄደች!

ያን ሁለት ኪሎ ሜትር እስከ ዛሬ መናገር አልችልበትም። መሬቱ ከሥራችን ይዋዥቃል፤ በመስኮት ሳይ ከአምስት እርምጃ ርቀት ያለው ውሃ ከእኛ ጋር ይተነፍሳል። ሳሩ ከፊታችን ይተኛል፤ ካለፍን በኋላ በመስታወት አየዋለሁ፣ እየተንጠባጠበ ቀና ይላል። እንዳላለፍንበት። ስምንት ሰው ያቃሰተበት ብረት በአየር ላይ፣ ያውም በጎደለ አየር ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። ነጫጭ ወፎች እንኳ ሳይነሱ ቆመው አሳለፉን። ሐዋርያው በባሕር ላይ ሲራመድ የሰመጠው ስለፈራ ነው ይላሉ ቄሱ። እኔ እዚያ ላይ ጫማው ጠንክሮበት ይሆናል ብዬ አሰብሁ፤ ይቅር ይበለኝ። ሊቀመንበሩ ሃይማኖት የለኝም እያለ በስብሰባ የሚምል ሰው ነበር፤ ከአጠገቤ ቀስ ብሎ ሲያማትብ አየሁት። አላየሁህም ለማለት ፊቴን ወደ ሐይቁ መለስሁለት።

ማዶ ስንወጣ ሴቶቹ እልል አላሉም። ቀስ ብለው ከበቡን። አንዲት እናት መጥታ ሞተሩ ላይ መዳፏን ጫነች፤ የመዳፏ ቆዳ ሌሊት ሌሊት መጅ ከመግፋት ብዛት እንደ ቀንድ ደርቋል።

«ይኸ ነው ሌሊቴን የሚመልስልኝ?» አለች።

ብረቱን እንደ ሕፃን ራስ ዳበሰችው።

በተነፈሰ ጎማ እየተንከባለልሁ ሐሙሲት ተመለስሁ። የጎማ መንፊያ ማሽን የለም፤ ሳይክል የሚያከራይ አንድ ሰው ነበር። የመንፊያውን አፍ በጨርቅ አጥብቀን አንዱን ጎማ በሳይክል መንፊያ ለመንፋት አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን።

«ጋሼ» አለኝ እያላበው፤ «ሳይክልዎ ትንሽ አልበዛችም?»

መንፊያውን ገዛሁት። ከዚያ በኋላ በየጉዞው ረግረጉ አፍ ላይ ማስተንፈስ፣ ሲመለሱ ሐሙሲት ላይ መንፋት ሆነ ሥራዬ። ለአዛውንቱ በየጊዜው ጨው አመጣላቸው ነበር፤ ዋጋ ብጠይቃቸው «ንፋስ በማውጣት ማን ያስከፍላል?» አሉኝ።

በአሥረኛው ጉዞ ወፍጮው ተነሳ። ድምፁ በሐይቁ ላይ ሄደ። አዛውንቱ ከታንኳቸው ላይ ቀና አሉ። ያቺ እናት የመጀመሪያውን ትኩስ ዱቄት በእፍኟ ይዛ፣ ሳትበትነውም ሳትቀምሰውም ቆማ ትሰማ ነበር። እኔም ከላንድሮቨሯ ሳልወርድ ቆሜ ሰማሁ።

ከዚያ ሊቀመንበሩ ደብተሩን አወጣ።

«ስምንት መቶ ዘጠና ኪሎ ሜትር።»

«መንገዱ ሺህ ነው፤ አንተም ታውቀዋለህ።»

«ቆጣሪ አይዋሽም ብለሃል፣ ጓድ ነጋዴ። ፊርማህ ነው።»

«መስቀል አልፏል፤ ጓድ አትበለኝ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከፈለኝ።

በየመልሱ እስከ ሐሙሲት በለሰለሰ ጎማ ጠጠር ላይ መሄድ ጎናቸውን ሰነጣጥቆት ነበርና ጎማዎቹ ከዚያ ወዲያ አልረቡም። አሮጌዎቹን መለስሁ፤ ሐሙሲትም ወደ ሠላሳ ሁለቷ ተመለሰች። ሐብሉን ጥምቀት አራት ቀን ሲቀረው አወጣሁ፤ ሚስቴ አስራው ወጣች።

ገቢ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሃያ አምስት ብር። ወጪ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አርባ። ኪሳራ መቶ አሥራ አምስት ብር።