ደረቅ ጉቶ ነው ብለው የጣሉት ተክሌ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ ነው። ዛሬም ባስታወስኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ጋምቤላ ከተማ ጨርቃ ጨርቅ እሸጣለሁ። ድሬዳዋ ያለችው እህቴ ከዓመታት በፊት ጣት የምታክል ችግኝ አመጣችልኝ። ውኃ በግንዱ የሚያጠራቅም የበረሃ ተክል ነው። እያደገ ሲሄድ ግንዱ እንደ ቅል አበጠ፤ ሥሮቹም ከአፈር በላይ ወጥተው ተጠላለፉ። ከሩቅ ለሚያየው እግሯን አጣጥፋ የተቀመጠች ሴት ይመስላል። የኛ አገር ዝናብ እንዳያበሰብሰው ክረምቱን ከጣሪያ ሥር አስቀምጠዋለሁ። በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል። ቅርጹ ቁልጭ ብሎ የሚታየውም ያኔ ነው።

የተተከለበትን ማሰሮ የሠራችልኝ አሪየት ናት። ጎግ ወረዳ ተወልዳ እዚህ ከተማ እንስራ እየሠራች የምትሸጥ የአኙዋ ሴት ናት። የመጀመሪያውን አልወደደችውም፤ ራሷ ሰበረችው። ከዚያ ዝቅ ያለ፣ አፈ ሰፊ፣ ጥቁር ማሰሮ አወጣች። ተክሉ ሲገባበት የምር ምንጣፍ ላይ የተቀመጠች ሴት መሰለ።

የእጅ ሥራና የአትክልት ባዛር ሲዘጋጅ በሁለታችንም ስም አስመዘገብነው። በዋዜማው ወስደን አስቀመጥነው። ጠዋት ለብሰን አጊጠን ሄድን። ማሰሮው የክብር እንግዶች ጠረጴዛ ላይ ነው። ውስጡ ቀይ የፕላስቲክ አበባ ተሰክቷል።

«ሴትዮዋስ?» አለችኝ አሪየት። ተክሉን እንዲህ ነበር የምትጠራው።

አስተባባሪውን ጠየቅኩት።

«እሱ እኮ ደረቅ ጉቶ ነው፣ እህቴ። እንግዶች ስለሚመጡ አነሳነው። ማሰሮው ግን በጣም ያምራል!»

«የት ጣላችሁት?»

በእጁ ወደ ጓሮ አመለከተኝ።

ሮጥን። ጓሮ ውስጥ ቆሻሻው እየተቃጠለ ነበር። አሪየት ጎንበስ ብላ በባዶ እጇ ከፍሙ ሳበችው። አንዱ ጎኑ ከስሏል። ወገቡ ላይ ተሰብሯል። ከስብራቱ ውኃ ይንጠባጠባል። ደርቋል ያሉት ይህንን ነው!

ከእጇ ተቀብዬ ለአስተባባሪው ወስጄ አሳየሁት። ሰውየው ደነገጠ። «ወላሂ አላወቅንም» አለ። ቀጥሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «በቃ አበባውን ውሰጂው።»

አሪየት ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ፕላስቲኩን ነቅላ እንግዶቹ ፊት አስቀመጠችው፤ ማሰሮዋን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ወጣች። «እማማ፣ ቆዪ፣ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ!» እያለ ተከተላት። ዞራም አላየችው።

የተረፈውን ቆርጬ፣ ቁስሉን አድርቄ መልሼ ተከልኩት። ብዙ ደከምኩ። ዝናቡ ሲገባ ግን ጣሪያ ሥር ሆኖም በእርጥበቱ ከሥሩ በሰበሰ።

ተክሉን ባያውቁት አልፈርድባቸውም። ብዙ ሰው አያውቀውም። ግን ስንመዘገብ የሰጠኋቸው ስልክ ቁጥሬ እጃቸው ላይ ነበር። ደውሎ «ይሄ ነገር ሞቷል ወይ?» ማለት ምን ይከብዳል? አሪየት ሌላ ትከይ እያለች ትጨቀጭቀኛለች። እተክል ይሆናል። አሁን ግን ንዴቴ ገና አልወጣልኝም።