ለጀማል መኪና የመረጥኩት ፓምፕ

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ለማንም በዝርዝር አውርቼው አላውቅም፤ ባለቤቴ እንኳ የምታውቀው ግማሹን ነው። የቤንዚን ሽታ በሸተተኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል። እኔ ደግሞ መካኒክ ነኝ፤ ቤንዚን የማይሸተኝ ቀን የለም።

ጭሮ ውስጥ ጋራዥ ከከፈትኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ጀማል ከእኔ ሦስት በር አልፎ የብየዳ ቤት አለው። በርና መስኮት ይሠራል፤ አንዳንዴም የጭነት መኪና ስፖንዳ ይበይዳል። አብሮ አደጌ ነው። በዓል ሲሆን እሱ እኔ ቤት፣ እኔ እሱ ቤት ነን።

አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን፣ «ተሼ፣ መኪና ልሠራ ነው» አለኝ።

ሳቅኩበት። እሱ ግን ሚኤሶ ወርዶ ከተገለበጠ አሮጌ መኪና የወጣ ሞተር ገዝቶ መጣ። ከብረት ቱቦ ሻሲ በየደ፣ ላሜራ ቀጥቅጦ አካል አለበሰው፣ ሁለት ወንበር ገጠመለት። በሰባት ወሩ ቀይ ቀለም የተቀባች ትንሽ መኪና ጊቢው ውስጥ ቆመች።

እውነቱን ልናገር። በገዛ እጄ መኪና መሥራት ከወጣትነቴ ጀምሮ የእኔ ሕልም ነበር። ሥዕሉን የሠራሁበት ደብተር አሁንም ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። ዛሬ ነገ ስል ፀጉሬ ሸበተ። መካኒኩ እኔ ሆኜ መኪናውን የሠራው በያጁ ነው!

ሰው የእኔን በር እያለፈ እሱ ጊቢ ይገባ ጀመር። ከገለምሶ የመጡ ጫት ነጋዴዎች ሳይቀሩ አጠገቧ ቆመው ፎቶ ተነሱ። «ኢንጂነር ጀማል» የሚል ስም ወጣለት። እኔን በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ሰው ኢንጂነር ብሎኝ አያውቅም። አንድ ማታ ባለቤቴ እራት እያቀረበች፣ «የጀማልን መኪና አየሃት? እጁ ይባረክ!» አለች። እራቴን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

መኪናዋ አንድ ችግር ብቻ ቀርቷት ነበር። የሞተሩ የራሱ ፓምፕ አርጅቷል፤ የቤንዚን ታንከሩ ደግሞ ከኋላ ዝቅ ብሎ ነው የተሠራው። ዳገት ላይ ነዳጁ ወደ ፊት አልደርስ እያለ ሞተሩ ይጠፋል። የኤሌክትሪክ ፓምፕ ያስፈልጋታል። ጀማል ከመለዋወጫ ሱቅ ሁለት ፓምፖች በስልኩ ፎቶ አንስቶ መጣ።

«ትንሿ ደካማ ትመስለኛለች፤ ትልቋ ጉልበት አላት። የቷን ልግዛ? ይሄ ያንተ ሙያ ነው ኦቦሌሳ» አለኝ። ወንድሜ ማለቱ ነው።

ሞተሩ ባለ ካርቡሬተር ነው። ካርቡሬተር ደግሞ ቤንዚን በቀስታ እንዲመጣለት ነው የሚፈልገው። ውስጡ ያለችው ትንሽ መርፌ ነዳጁ ሲሞላ መግቢያውን ትዘጋለች። ግፊቱ ከበዛ ግን አትችለውም፤ ቤንዚኑ ሞልቶ ይፈሳል። ትልቋ ፓምፕ የተሠራችው ነዳጅ በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ኢንጀክሽን ላላቸው መኪኖች ነው። ለጀማል የምትሆነው ትንሿ ነበረች። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ።

«ትልቋን ውሰድ፤ ዳገት ላይ አታሳፍርህም» አልኩት።

እሳት ይነሳል ብዬ አላሰብኩም። የፈለግኩት መኪናዋ በሰው ፊት ጥቁር ጭስ ተፍታ እንድትቆም ብቻ ነበር። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሮ፣ «እስኪ አንተ እያት» እንዲለኝ። ለዚህ ብዬ ነው።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ። ጀማል ፓምፑን ያን ዕለት ጠዋት ራሱ ገጥሞታል። ሞተሩ ተነሳ፤ ግን ይንተፋተፋል፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ሰው ያጨበጭባል። እኔ ብቻ ነኝ ምን እንደሆነ የማውቀው።

«መጀመሪያ እናቴ ናት የምትገባው!» አለ ጀማል።

እናቱ አዴ ፋጡማ ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው። ልጅ ሆነን እኔንም እሱንም ከአንድ ሳህን አብልተውናል። አዲስ ሻሽ አስረው፣ «ማሻአላህ! ልጄ ራሱ በሠራት መኪና ሊወስደኝ ነው» እያሉ አንድ እግራቸውን ሲያስገቡ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«አዴ፣ እርስዎ ይቆዩ፤ መጀመሪያ እኔ ልሞክራት» አልኩ።

ሰው አክብሮት መሰለው። አዴ ፋጡማም፣ «እውነትህን ነው፣ ሙያው ያንተ ነው፤ ግባ» ብለው መረቁኝ። እዚያው «አጥፋው፣ ፓምፑ ልክ አይደለም» ማለት እችል ነበር። በዚያ ፈንታ ጀማል መሪውን ይዞ፣ እኔ አጠገቡ ገብቼ ሄድን።

ከከተማው መውጫ ያለውን ዳገት ግማሽ እንዳደረስን ሞተሩ ጠፋ። ጀማል ቁልፉን ሳይመልስ ዘሎ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። እኔ የፓምፑን ድምፅ ሰማሁ። ሞተሩ ቆሟል፣ ፓምፑ ግን ነዳጅ ይገፋል። ቤንዚኑ ከካርቡሬተሩ እየሞላ በጋለው ብረት ላይ ይወርዳል።

«ጀማል፣ ራቅ!» ብዬ ከመጮሄ እሳቱ ቦግ አለ።

ቁልፉን አጥፍቼ ወረድኩ። እሱ ጃኬቱን አውልቆ እሳቱን ይመታል። «ተው፣ ልቀቃት!» ብዬ ብጮህም አይሰማም። ከኋላችን የነበረ የጭነት መኪና ሾፌር አካፋ ይዞ ደረሰ፤ አፈር እየበተንን አጠፋነው። የመኪናዋ አፍንጫ ጠቆረ። የጀማል ቀኝ እጅ ከጣቶቹ እስከ አንጓው ተልጦ ነበር። የሚበይድበት እጁ ነው።

መንገዱ ዳር ተቀመጥን። ሾፌሩ በያዘው ውኃ እጁን እናቀዘቅዛለን። ጀማል ጥርሱን ነክሶ እንዲህ አለኝ፦

«ባለሱቁ ሀጂ ነግረውኝ ነበር፤ ይቺ ለካርቡሬተር አትሆንም ብለውኝ ነበር። እኔ ነኝ ያልሰማሁ። ‹ሀጂ፣ ተሼ ካለ ካለ ነው፤ እርስዎ ከእሱ አይበልጡም› ብዬ ተጣላኋቸው። ፋብሪካው ተሳስቶ መሆን አለበት እንጂ አንተ አትሳሳትም።»

ከዚያ በላይ መሸከም አቃተኝ።

«አልተሳሳትኩም። አውቄ ነው» አልኩት። «ቀንቼብህ ነው።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴ ልትገባ ነበር እኮ፣ ተሼ» አለ።

እጁ እስኪድን ሁለት ወር ፈጀ። ለአዴ ፋጡማም ሆነ ለሌላ ሰው አልነገረብኝም። በየቀኑ ልጠይቀው ስሄድ፣ «አብሽር፣ ድኗል» ይለኛል፤ ዓይኔን ግን አያየኝም። ሲሻለው ትንሿን ፓምፕ ከሀጂ ገዝቶ ራሱ ገጠማት። አሁን መኪናዋ እናቱን ይዛ ገለምሶ ደርሳ ትመለሳለች።

እንደ ድሮው ሰላም እንባባላለን። በዒድ ይጠራኛል፣ እሄዳለሁ። መኪናዋ ስትታመም ግን የእኔን በር አልፎ ሂርና ድረስ ይነዳታል። እዚያ አንድ ወጣት መካኒክ አለ። ጀማል የጠየቀውን ይመልስለታል፣ ጀማልም ያምነዋል አሉ።

አንድ ጊዜ በሂርና ሳልፍ ሁለቱ ኮፈኑ ላይ ተደፍተው ሲነጋገሩ አየኋቸው። ጀማል እየሳቀ ነበር። በመኪናዋ ቀንቼ አውቃለሁ፤ በዚያ ልጅ የቀናሁትን ያህል ግን በማንም ቀንቼ አላውቅም።