የአባቴ የቆርቆሮ ሳጥን

አባቴ ናዝሬት ላይ ሱቅ የነበረው የመናዊ ነው። የአርሲ ነገሌ ልጅ ከሆነችው እናቴ ጋር በተጣላ ቁጥር ከአልጋ ሥር ልብስ የታጨቀበትን የቆርቆሮ ሳጥኑን ጎትቶ፣ "አገሬ እገባለሁ!" ይል ነበር። ያን ሳጥን እንዴት እንደምጠላው!

በደርግ ጊዜ የውጭ ሰዎች የመኖሪያ ፈቃድ ደንብ ተለወጠና አብዮት ጠባቂዎች ቤታችን ድረስ መጡ።

"አገርህ ግባ!" አሉት።

"አልሄድም!"

አንዱ በጠመንጃ ሰደፍ አፉን አለው። "ሳምንት እንዳናገኝህ!" ብለው ሄዱ።

እናቴ እነሱን መምታት አትችል ነገር፣ ዘነዘናውን አንስታ ሳጥኑን ትቀጠቅጠው ጀመር። ክዳኑ ተጨራመተ፤ ሸሚዞቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። እጇ ሲዝል ቆመች።

አባቴ ጥርሱን ከደም ጋር ተፋና፣ "የሳጥኑ እጀታ ገና አልተሰበረም፤ አምጪው!" ብሎ ዘነዘናውን ከእጇ ነጠቀ።